የስኳር መድኃኒት በጎጃም፦ ስለ ዋጋውና ስለ አጠቃቀሙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎጃም ከተሞች ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ቆሜ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ከመስኮቱ ወዲያ የቆመው ሰው ስለ ስኳር መድኃኒት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እንዴት ልውሰደው?» ብሎ አይደለም። «አለ ወይ?» ይላል፤ ቀጥሎ «ስንት ገባ?» ይላል። አወሳሰዱን የሚጠይቀኝ የሁለቱን መልስ ሰምቶ ልቡ ሲረጋ ነው። እኔም እዚህ የሰበሰብኳቸውን ጥያቄዎች በዚያው ቅደም ተከተል ለመመለስ ሞክሬአለሁ። የመድኃኒት መጠን መጨመርና መቀነስ ግን የሚያክማችሁ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ከዚህ አንብባችሁ አትቀይሩ።

በአገራችን ስኳር ያለበት ሰው ስንት ይሆናል?

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አትላስ፣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ከሆነ ኢትዮጵያውያን መካከል ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉት ስኳር እንዳለባቸው ገምቷል። በአፍሪካ ደግሞ ከሕመምተኞቹ 54 በመቶው መታመማቸውን እንደማያውቁ ይኸው ሰነድ ይናገራል። ለእኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ቁጥር ያስፈራኛል። ዛሬ መድኃኒቱ እያጠረ ያለው፣ ከሚያስፈልገው ሰው ብዙው ገና ወረፋው ውስጥ ሳይገባ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚወስደው የትኛውን መድኃኒት ነው?

መደርደሪያችንን ብታዩት ሦስት ነገር ነው የሚሞላው። አንደኛው ሜትፎርሚን ነው፤ ለሁለተኛው ዓይነት (ብዙ ጊዜ በጎልማሳነት ለሚጀምረው) ስኳር መነሻ የሚሆነው ክኒን። ሁለተኛው ግሊቤንክላማይድ ነው፤ ብዙ ሰው ዛሬም «ዳኦኒል» ብሎ የሚጠራው። ሦስተኛው በመርፌ የሚወሰደው ኢንሱሊን ነው፤ ደመና የመሰለው ኤንፒኤችና እንደ ውኃ የጠራው ሬጉላር። ነባሮቹ ሕመምተኞች ኤንፒኤቹንም «ሌንቴ» ይሉታል። ሌንቴ በእርግጥ ሌላ፣ አሁን ከገበያ የጠፋ የኢንሱሊን ዓይነት ነበር፤ ስሙ ግን አልጠፋም፤ እኔም ማረም ትቻለሁ።

ሦስቱም ሽማግሌ መድኃኒቶች ናቸው። ኢንሱሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ሜትፎርሚን ፈረንሳይ ውስጥ ለሕክምና የዋለው በ1957 ነው። ግሊቤንክላማይድም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አሮጌ ናቸው ብሎ መናቅ አይገባም፤ በተለይ ሜትፎርሚን ዛሬም በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚታዘዝ ነው። ስለ ግሊቤንክላማይድ ግን አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል፦ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰዎች እንደማይስማማ ይጠቅሳል። ምክንያቱም ስኳርን ከልክ በታች አውርዶ ረጅም ሰዓት ያቆየዋል። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ይህን ክኒን የሚወስዱ ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደ ግሊክላዛይድ ያለ ምትክ ይኖር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁት።

ስኳር የሀብታም በሽታ አይደለም እንዴ?

አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በተለይ በጎንደር ዙሪያ ለዓመታት በተሠራ ሥራ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ የገጠር ሕመምተኞች ወጣት፣ ቀጫጫና በልጅነታቸው ምግብ ያነሳቸው ገበሬዎች ሆነው ተገኝተዋል። እኔም በመስኮቴ በኩል የማየው ይህንኑ ነው። ቦርጭ ያለው ነጋዴ ሜትፎርሚኑን ይዞ ሲሄድ፣ ከኋላው ያለው የሃያ ዓመት ልጅ የገረጣ ኩታውን ተከናንቦ ኢንሱሊን ይጠብቃል።

ዋጋው ለምን እንዲህ ናረ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ ጥፋተኛው መስኮቱ ላይ የቆመው ሰው ይመስለዋልና።

ኢንሱሊን ከውጭ የሚገባ ነው። ክኒኑንም በአገር ውስጥ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ቢኖሩም፣ ጥሬ ዕቃውን የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ አንድ ዶላር በባንክ የሚመነዘረው በ57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ ያለው ሻጭ በዶላር አንድ ሳንቲም ሳይጨምር እንኳ፣ እዚህ የሚደርሰው ዕቃ በብር ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። ይህ በአንድ ቀን መስኮት ላይ አልታየም፤ በአሮጌው ዋጋ የገባው ክምችት እስኪያልቅ ጥቂት ወራት ታገሠን። ከዚያ በኋላ በየግዢው አዲስ ዋጋ ይዘን መጣን። «ባለፈው ወር እኮ ይህን ያህል አልነበረም» ላላችሁኝ ሁሉ እውነታችሁን ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ለመንግሥት ተቋማት መድኃኒት በብዛት የሚገዛው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፤ ለእኛ አካባቢ በባሕር ዳር ቅርንጫፉ በኩል ያከፋፍላል። አገልግሎቱ ጨረታ አውጥቶ፣ ምንዛሪ አግኝቶ፣ ዕቃው ከወደብ ደርሶ፣ ከዚያ ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ እናንተ ይመጣል። ከእነዚህ አንዱ ቀለበት ሲላላ መደርደሪያችን ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ ሕመምተኛው ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ዋጋው ሌላ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒት የጫነው መኪና ይቆማል፤ ሕመምተኛውም ይቆማል። ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ለመድረስ የሚከፈለው የትራንስፖርት ዋጋ፣ አንዳንዴ ከያዘው ማዘዣ ዋጋ ሲበልጥ አይቻለሁ።

በመንግሥት ተቋምና በግል መድኃኒት ቤት ያለው ልዩነት ለምን ሰፋ?

የመንግሥት ተቋም መድኃኒቱን በጅምላ ገዝቶ፣ በገዛበት ላይ የተወሰነች ጭማሪ ብቻ አድርጎ ይሸጣል፤ በሽያጩ ገንዘብ መልሶ ይገዛል። የግሉ ቤት ከአስመጪ ወይም ከአከፋፋይ ይገዛል፤ የቤት ኪራይ፣ ግብርና የሠራተኛ ደመወዝ አለበት፤ ትርፉንም ያስባል። ሁለቱም ጋ ያለው ክኒን ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የመንግሥቱን፣ ከዚያ የቀይ መስቀልን መድኃኒት ቤት በአካባቢያችሁ ካለ፣ ከዚያ የግሉን ጠይቁ። በግሉም ቢሆን ሁለት ሦስት ቤት ዙሩ። ለበሬ ገበያ የሚዞር የጎጃም ሰው ለመድኃኒት መዞር አያሳፍረውም።

የወር ወጪዬን እንዴት ላስላ?

ብዙ ሰው የሚያሰላው የአንዷን ብልቃጥ ዋጋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወሩ ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቃል። ቁጭ ብላችሁ በወረቀት አስሉት።

ክኒን ቀላል ነው። ባለ 500 ሚሊግራም ሜትፎርሚን ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ከታዘዘላችሁ በቀን አራት፣ በወር 120 ክኒን ነው። ዐሥር ዐሥር ሆኖ የታሸገ ከሆነ 12 እሽግ ማለት ነው። መስኮቱ ላይ «የአንዱ እሽግ ስንት ነው?» ብላችሁ በ12 አባዙት።

ኢንሱሊኑ ላይ ሰው ይሳሳታል። አንድ 10 ሚሊሊትር ብልቃጥ በእያንዳንዱ ሚሊሊትር 100 ዩኒት ስለሚይዝ በጠቅላላው 1,000 ዩኒት ነው። ጠዋት 20፣ ማታ 10 የሚወጋ ሰው በቀን 30 ዩኒት ይጠቀማል፤ ሲካፈል 33 ቀን ይሆናል። ነገር ግን የተከፈተ ብልቃጥ ከአራት ሳምንት በላይ እንዳይቆይ ይመከራል። ስለዚህ በዓመት የሚያስፈልገው 11 ሳይሆን 13 ብልቃጥ ነው። በቀን 60 ዩኒት የሚወጋ ደግሞ አንዱን በ16 ቀን ይጨርሳል፤ ለወሩ ሁለት ያስፈልገዋል። ከኤንፒኤቹ ጋር ጠዋት 8 ዩኒት ሬጉላር ብቻ የታዘዘለት ሰውስ? በአራት ሳምንት 224 ዩኒት ተጠቅሞ የቀረውን 776 ይጥላል። ይህን ሳሰላለት አንድ መምህር «ታዲያ የምከፍለው ለምጥለው ነዋ!» አለኝ። ትክክል ነበር። ቤት ውስጥ ሌላ ሬጉላር የሚወጋ ሰው ካለ፣ ሁለቱ በየራሳቸው ንጹሕ ሲሪንጅ እየቀዱ ከአንድ ብልቃጥ መጠቀም ይችሉ እንደሆነ ነርሷን ጠይቁ፤ ሲሪንጅ ግን ከቶ አይጋራም።

በሲሪንጁ ላይ ያለውን ጽሑፍም አንብቡ። ብልቃጡ በሚሊሊትር የ100 ዩኒት ከሆነ ሲሪንጁም የ100 መሆን አለበት። የ40ው ሲሪንጅ ከተሰጣችሁ መልሱት፤ መጠኑ ተዛብቶ ሰው ይጎዳል።

ከዚያ ስትሪፕ አለ፤ የደም ጠብታ ተነክቶበት ማሽኑ ውስጥ የሚገባው የመለኪያ ቁራጭ። የስኳር መለኪያ ማሽን ርካሽ ነው፤ አንዳንዴም በስጦታ ይገኛል። ነገሩ ላም በስጦታ እንደመቀበል ነው፤ ወጪው መኖው ላይ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ስትሪፕ በሌላው ማሽን አይሠራም። ስለዚህ ዘመድ ከውጭ ማሽን ልላክ ካላችሁ፣ ስትሪፑ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር መገኘቱን ሳታጣሩ እሺ አትበሉ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚለካ ሰው በወር 60 ስትሪፕ ይፈልጋል። ክኒን ብቻ የሚወስድና ስኳሩ የረጋ ሰው ግን በሳምንት ጥቂት ጊዜ ቢለካ ሊበቃው ይችላል። ለእናንተ ስንቱ እንደሚበቃ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ፤ ወጪ ከሚቀነስባቸው ሐቀኛ ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

የመጨረሻው መስመር ትራንስፖርትና ሥራ ፈትታችሁ የምትውሉበት ቀን ነው። የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ቀጠሮ እንዲሰጣችሁ መጠየቅ ነውር የለውም። ክምችት ካለና ስኳራችሁ ከረጋ ብዙ ሐኪሞች ይፈቅዳሉ።

የጤና መድህን ይሸፍነዋል?

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን አባል ከሆናችሁ፣ በዝርዝሩ ያሉትን የስኳር መድኃኒቶች ውል ካላቸው የመንግሥት ተቋማት ሳትከፍሉ ታገኛላችሁ። ይህ ነገር ለጎጃም እንግዳ አይደለም፦ በ2003 ዓ.ም. መድህኑ በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። የዱርቤቴ አካባቢ ገበሬ ነገሩን ከአብዛኛው የከተማ ሰው ቀድሞ ያውቀዋል።

ሁለት ነገር ግን አትዘንጉ። አንደኛ፣ ጉዞው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። የሪፈር ወረቀት ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ሁለተኛ፣ መታወቂያው በየዓመቱ ይታደሳል። እህል ከተሰበሰበ በኋላ ቀበሌው መዋጮ ሲሰበስብ «ዘንድሮ ማን ታመመ?» ብሎ የሚያልፍ ቤተሰብ አለ። ስኳር ያለበት ሰው ባለበት ቤት ይህ አይሠራም።

መድህኑ ያላችሁ ሆናችሁ መድኃኒቱ ሲጠፋ ነው ችግሩ። «የለም» የሚል ማኅተም የተመታበት ማዘዣ ይዛችሁ ውጭ ስትገዙ፣ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ የወረዳውን የመድህን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ደረሰኙን በምንም መንገድ አትጣሉ። ባለ መድህን ሰው ከኪሱ ሲገዛ ማየት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚያናድዱኝ ነገሮች የመጀመሪያው ነው፤ መዋጮውን የከፈለው እኮ ለዚህች ቀን ነበር።

የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ ሲሰጥ የስኳሩ ለምን ይሸጣል?

ቲቢና ኤች አይ ቪ በመንግሥት በነፃ እንዲሰጡ ከተለዩት አገልግሎቶች ውስጥ ናቸው፤ ከመድኃኒቱ ብዙው የሚገዛው እንደ ግሎባል ፈንድ ባሉ ዓለም አቀፍ ገንዘቦች ነው። ግሎባል ፈንድ የተቋቋመው ለኤድስ፣ ለቲቢና ለወባ ነው፤ ስኳር እዚያ ውስጥ የለም። ለሕፃናት ኢንሱሊን የሚደግፉ ፕሮግራሞች በአንዳንድ ሆስፒታሎች አሉ። ልጃችሁ የመጀመሪያው ዓይነት (ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን የማያመርትበት) ስኳር ካለበት ስለዚያ ሳትጠይቁ ከክሊኒኩ አትውጡ።

ባለፈው ወር ነጭ፣ በዚህ ወር ሌላ መልክ ያለው ሜትፎርሚን ሰጡኝ። ያው ነው?

ያው ነው። ጨረታውን ያሸነፈው ፋብሪካ ሲቀየር ቅርጹም ካርቶኑም ይቀየራል። ማየት ያለባችሁ ሚሊግራሙን ነው፤ ባለ 500ው በባለ 850 ወይም በባለ 1000 ከተተካ የምትውጡት ክኒን ቁጥር ይለወጣል።

ገንዘብ ሲያንሰኝ ክኒኑን በቀን አንዴ ባደርገውስ?

አንድ ቀን ከጮቄ ተዳፋት የመጡ አባት ማዘዣቸውን አቀበሉኝ። የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው ገንዘቡን ቆጠሩ፤ እንደገና ቆጠሩ። «ልጄ፣ የዐሥራ አምስት ቀኑን ብቻ ስጠኝ» አሉኝ። «አባባ፣ ቀጠሮዎ እኮ የወር ነው» ስላቸው ፈገግ አሉና «እኔ አሳድረዋለሁ» አሉ። ማሳደር ማለት አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መተው ነበር። ሦስት ወር እንዲህ አድርገዋል። ሐኪሙ ግን ካርዳቸው ላይ ያየው ስኳራቸው አለመውረዱን ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ሁለተኛ ክኒን ጨመረላቸው። ወጪያቸው ቀነሰ ሲሉ ጨመረ።

ገንዘብ ማነሱን ለሐኪሙ ንገሩት። ለኪስ የማይመች መድኃኒት ካዘዘ የሚመች ይፈልጋል፤ ካልነገራችሁት ግን መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይደመድማል። ደግሞ በወር ሁለት ጊዜ መምጣት ሁለት ጊዜ መሳፈር ነው፤ የዚያን ገንዘብ ለክኒኑ አውሉት። አባባን በመጨረሻ የረዳቸው ይኸው ነበር፦ ሐኪሙ ሁለተኛውን ክኒን አነሣ፣ ሜትፎርሚኑን በሙሉ መጠን መለሰ፣ ቀጠሮውንም ሁለት ወር አደረገው።

ፍሪጅ የሌለኝ ሰው ኢንሱሊን እንዴት ላስቀምጥ?

ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው በተለመደው የቤት ሙቀት፣ ከጸሐይና ከምድጃ ርቆ አራት ሳምንት ይቆያል። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ እንጅባራ ላይ፣ ቢቸናም ላይ የቤቱ ጥላ ብቻውን ይበቃል። ለቆላው ሰው ደግሞ ደስ የሚል ዜና አለ፦ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ኬንያ ውስጥ በዳጋሃሌ የስደተኞች መጠለያ ያለውን ሙቀት መነሻ አድርገው ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት፣ በ25ና በ37 ዲግሪ መካከል ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንደጠበቀ አግኝተዋል። እርጥብ አሸዋ ወይም እርጥብ ጨርቅ ያለበት የሸክላ ገንቦም ሙቀቱን ይቀንሳል፤ አያቶቻችን ውኃውን በእንስራ ያቀዘቀዙበት ዘዴ ነው።

የእኔ ፍርሃት ከሙቀቱ ይልቅ በረዶው ነው። አንድ ልጅ ስኳሩ አልወርድ ብሎ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ መጠኑ ሁለት ጊዜ ተጨመረለት። በመጨረሻ ብልቃጡን የት እንደሚያስቀምጥ ስጠይቀው፣ በጎረቤት ግሮሰሪ ፍሪጅ ውስጥ ነው አለ። ባለ ግሮሰሪው ደግ ሰው ናቸው፤ ለቢራው ቦታ እንዲለቅ ብለው ብልቃጡን ከላይ፣ በረዶው ግድግዳ ላይ አስጠግተውታል። እየበረደ ደርቆ፣ እየቀለጠ ሲመለስ ከላይ ለዓይን ላይለይ ይችላል። ከተጨመረው መጠን ሁሉ በፊት የሚያስፈልገው አዲስ ብልቃጥ ነበር። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይጣላል፤ አይሞቅም፣ አይታሽም።

ዓባይ በረሃን የምትሻገሩም ከሆነ ብልቃጡን ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አታስገቡት፤ ጭናችሁ ላይ ይሁን።

በዐቢይ ጾም መድኃኒቱን እንዴት ላድርግ?

ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ለሚውል ሰው አደገኛ ናቸው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ጾሙ በዚያው ይቁም፤ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይወሰድ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ለሐኪሙም ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ።

ሌላም ብዙ የማይነገር ነገር አለ። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ12 ይቀንሳል፤ ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። የዓመቱን አጽዋማት ሁሉ የሚጾም ሰው በሁለት በኩል ይጎድልበታል። እግር ላይ የሚሰማው መደንዘዝ ሁልጊዜ የስኳሩ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ምርመራው ካለ ጠይቁ።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ኢንሱሊን እዚያ እጅግ ውድ ነው ይላል። እውነት ነው?

ነበር፤ በከፊልም ነው። እዚያ የሆነውን ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል፤ የመድኃኒት ምርጫ ዋጋን እንዴት እንደሚያንር ያሳያልና።

በአሜሪካ ሐኪሞች የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ የግሊቤንክላማይድ ዘመዶች የሆኑት ክኒኖች እ.ኤ.አ. በ1994 ከስኳር ሕክምና ጉብኝቶች በ67 በመቶው ይታዘዙ ነበር፤ በ2007 ወደ 34 በመቶ ወረዱ። ቦታውን ሜትፎርሚንና አዳዲስ ክኒኖች ያዙት። በዚያው ጊዜ ጠቅላላ የስኳር መድኃኒት ወጪያቸው በ2001 ከነበረበት 6.7 ቢሊዮን ዶላር በ2007 ወደ 12.5 ቢሊዮን ደረሰ፤ የአንድ ማዘዣ አማካይ ዋጋም ከ56 ወደ 76 ዶላር ወጣ። ሕመምተኛው በዝቷል፤ ግን ዋጋውን ያናረው እሱ ብቻ አይደለም። አሮጌው ርካሽ መድኃኒት በአዲሱ ውድ ስለተተካ ነው።

አዲስ ሁሉ የተሻለ አለመሆኑንም እዚያው አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የተፈቀደው ሮዚግሊታዞን የተባለ የስኳር ክኒን ለጥቂት ዓመታት እንደ ጉድ ተሸጠ። በ2007 የልብ ድካምና የልብ ሕመም ስጋት ሲነሣበት ወዲያው ወረደ፤ በ2010 አውሮፓ ከገበያ አወጣችው። ያን ጊዜ በድህነታችን ሳናገኘው መቅረታችን ጠቀመን ብል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ኢንሱሊኑ ስንመጣ፣ በአሜሪካ አንድ ሚሊሊትር በ2002 በአማካይ 4.34 ዶላር የነበረው በ2013 ወደ 12.92 ደርሷል። ገበያውን የያዙት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፦ ኖቮ ኖርዲስክ፣ ኢላይ ሊሊና ሳኖፊ። ኢንሱሊንን ያገኙት ሰዎች የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን እ.ኤ.አ. በ1923 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር እንደሸጡት ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ኋላ ነገሩ ፖለቲካ ሆነና ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በመንግሥት የአረጋውያን መድህን ያሉ ሰዎች ለወሩ ኢንሱሊን ከ35 ዶላር በላይ እንዳይከፍሉ ሕግ ወጣ። ሊሊም በዚያው ዓመት የአንዳንዶቹን ዋጋ በ70 በመቶ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ወንድምህ የሚያወራው የትኛውን ዘመን እንደሆነ ጠይቀው።

ዘመድ ኦዘምፒክ ልኮልኛል። ልጀምረው?

አትጀምረው፤ ቢያንስ ሐኪም ሳያይህ። በኦዘምፒክ ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ ጥሩ የስኳር መድኃኒት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ለተወሰኑ ሕመምተኞች አስገብቶታል። ግን አንድ የመርፌ እስክሪብቶ በስጦታ ተልኮ ከአራት ሳምንት በኋላ የሚቋረጥ ሕክምና ሕክምና አይባልም። ለመጀመሪያው ዓይነት ስኳርም የኢንሱሊን ምትክ አይደለም። የሐሰት ሴማግሉታይድ ስለመገኘቱም ድርጅቱ በ2024 ዓለምን አስጠንቅቋል፤ ከማኅበራዊ ገጽ ሻጭ የሚገዛ ሰው ካለ ይህን አንብቡለት። በሕንድ የፈጠራ ባለቤትነት ጥበቃው ማብቂያ እ.ኤ.አ. 2026 በመሆኑ፣ ርካሹ ዓይነት አንድ ቀን ወደኛ መስኮት ይመጣ ይሆናል፤ ያኔ እንነጋገራለን።

እነ ዳፓግሊፍሎዚን፣ እነ ሲታግሊፕቲንስ?

እነዚህ አዳዲስ የስኳር ክኒኖች ናቸው፤ በግል መድኃኒት ቤቶች ይገኛሉ። ዳፓግሊፍሎዚንና ዘመዶቹ ልባቸው ለደከመ ወይም ኩላሊታቸው ለተጎዳ ሰዎች እውነተኛ ጥቅም አላቸው፤ ከ2021 ጀምሮም በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ሲታግሊፕቲን ስኳሩን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ችግር ግን ብዙም አያመጣም። የሜትፎርሚኑን ወጪ እየሸፈኑ የሚተርፍ ከሆነ ሐኪሙ የሚለውን ስሙ። ሜትፎርሚኑን ትቶ ውዱን መግዛት ግን ከጎተራው ስር እህሉን እያፈሰሱ ጣራውን እንደማሳመር ነው።

አብሽስ፣ ጠበልስ?

አብሽ በምግብነቱ አይከፋም። ክኒኑን ግን አይተካም፤ ከክኒኑ ጋር በብዛት ሲወሰድም ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላልና ለሐኪሙ ንገሩ። ጠበል ቦታ የሚሄድ ሰው ኢንሱሊኑን ይዞ ይሂድ። ኢንሱሊን ትቶ የተጠመቀ የመጀመሪያው ዓይነት ሕመምተኛ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህን የምለው የሰውን እምነት ለመንካት አይደለም፤ እኔም ራሴ ጠበል እጠመቃለሁ።

ቀጠሮዬ ደርሷል፤ መንገዱ ግን ተዘግቷል። መድኃኒቱ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ክኒን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ፣ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሜትፎርሚን ሊኖረው ይችላል፤ የድሮውን ማዘዣ ወይም የቀጠሮ ካርዱን አሳዩ። ጤና ጣቢያው ካጣ በየአካባቢው ያለውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አስደውሉ፤ ማን ጋ እንዳለ ብዙ ጊዜ ያውቃሉ።

ኢንሱሊን የምትወጉ ከሆነ ሦስተኛውን ቀን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ፈልጉ። የተለመደው ዓይነት ከጠፋና ሌላ ዓይነት ከተገኘ፣ በምን መጠን እንደሚተካ የጤና ባለሙያ ይንገራችሁ። ትውከት፣ የማይቆም ጥማት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ አፍ ላይ የበሰለ ፍሬ የሚመስል ሽታ ከመጣ ይህ የሌሊት ጉዳይም ቢሆን አይታደርም። በቃሬዛም ሆነ በበቅሎ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ወደሚቀርበው የጤና ተቋም ሂዱ። ባዶውን ብልቃጥ ይዛችሁ ኑ፤ ስሙን ለመናገር ጊዜ ላይኖራችሁ ይችላል፤ እኛ አይተን እናውቀዋለን።